መድኃኒት በጥንቃቄ መስጠት፦ ነርሶች ደጋግመው የሚጠይቋቸው ጥያቄዎች

እነዚህ ጥያቄዎች ከተማሪዎችም፣ ዋርድ ውስጥ ዓመታት ካሳለፉ ነርሶችም የሚነሱ ናቸው። መልሶቹ የተቋምዎን መመሪያና ከመድኃኒቱ ጋር የሚመጣውን መግለጫ አይተኩም፤ ልዩነት ካዩ እነሱን ይከተሉ። ስሌቶቹን ግን በዓይን ከማለፍ ወረቀት ይዞ አብሮ መሥራት ይሻላል።

«አምስቱ ትክክለኞች» የትኞቹ ናቸው? ሰባት ናቸው፣ አሥር ናቸው ሲባልም እሰማለሁ።

አምስቱ ትክክለኛ ታካሚ፣ ትክክለኛ መድኃኒት፣ ትክክለኛ መጠን፣ ትክክለኛ መንገድ እና ትክክለኛ ሰዓት ናቸው። ቆይቶ ትክክለኛ ምዝገባ፣ ትክክለኛ ምክንያት፣ ከሰጡ በኋላ ውጤቱን መከታተል፣ ለታካሚው ማስረዳት እና የታካሚው እምቢ የማለት መብት ተጨምረዋል። ስንት ናቸው በሚለው መከራከር ብዙም አይጠቅምም።

ዝርዝሩ የት መድረስ እንዳለብን እንጂ እንዴት እንደምንደርስ አይነግረንም። አምስቱን በቃሉ የሚወጣ ነርስም ይሳሳታል። ከተጨመሩት ውስጥ አንዱን ብቻ ምረጥ ብባል «ምክንያት»ን እመርጣለሁ። ይህ ታካሚ ይህን መድኃኒት ለምን እንደሚወስድ የሚያውቅ ነርስ፣ ስኳር የሌለበት ሰው ካርድ ላይ የስኳር መድኃኒት ተጽፎ ሲያይ ማንም ሳይነግረው ይቆማል። ምክንያቱን የማያውቅ ግን የተጻፈውን በትክክል ይሰጣል፤ የተጻፈው ራሱ ስህተት ቢሆንም።

ታካሚውን በስሙ ጠርቼ «አቤት» ካለኝ አይበቃም?

አይበቃም። እንቅልፍ የተጫነው፣ ጆሮው የከበደ ወይም የተጨነቀ ሰው ለማንም ስም «አቤት» ይላል። ስሙን እርስዎ አይንገሩት፤ «ሙሉ ስምዎን ይንገሩኝ» ብለው ይጠይቁ። ከዚያ ሁለተኛ መለያ ይጨምሩ፦ የካርድ ቁጥር ወይም የትውልድ ቀን። የአልጋና የክፍል ቁጥር መለያ አይደሉም፤ ታካሚዎች አልጋ ይቀያየራሉ። ራሱን ለሳተ ሰው የእጅ አንጓ መለያውን ከካርዱ ጋር ያመሳክሩ፤ ለሕፃን ደግሞ አስታማሚውንም ይጠይቁ። በአንድ ዋርድ ውስጥ ስማቸው የሚመሳሰል ሁለት ታካሚዎች ካሉ ሁለቱም ካርዶች ላይ ጎልቶ የሚታይ ማስጠንቀቂያ ይደረግ።

የመድኃኒቱን መለያ ጽሑፍ ሦስት ጊዜ አንብቡ የሚባለው መቼ መቼ ነው?

ከመደርደሪያ ሲያነሱ፣ ሲያዘጋጁ፣ እና ታካሚው አጠገብ ሆነው ከመስጠትዎ በፊት። ሦስተኛው በብዛት የሚዘለለው ነው።

ትዕዛዙ አልነበብ ቢለኝ ወይም መጠኑ ቢያጠራጥረኝስ?

አይገምቱ። አጠገብዎ ያለችውን ነርስ «ይሄ ምን ይመስልሻል?» ማለትም ሁለት ሰው ሆኖ መገመት ነው። የጻፈውን ሐኪም ይጠይቁ፤ ካልተገኘ ተረኛውን ወይም ፋርማሲስቱን። ሐኪሙ ይቆጣል፣ አላዋቂ እባላለሁ የሚለው ይሉኝታ በዚህ ሥራ ላይ ቦታ የለውም። አጠያየቁ ግን ይረዳል፦ «ይህ ትክክል ነው?» ከማለት «ታካሚው 50 ኪሎ ነው፤ የታዘዘው መጠን ከምናውቀው በእጥፍ ይበልጣል፤ ታስቦበት ነው?» ማለት ፈጣን መልስ ያመጣል።

በተለይ ቁጥሮች ላይ ሦስት ወጥመዶች አሉ። «1.0 ሚሊ ግራም» ተብሎ ሲጻፍ ነጥቧ ከደበዘዘች 10 ይሆናል፤ ስለዚህ ከሙሉ ቁጥር በኋላ ነጥብና ዜሮ አይጻፍም። «.5» ደግሞ 5 ሆኖ ይነበባል፤ ከነጥቡ በፊት ዜሮ መኖር አለበት። ሦስተኛው «ዩኒት»ን ለማሳጠር የሚጻፈው የላቲን ፊደል (U) ነው፤ ዜሮ ስለሚመስል 10 ዩኒት ኢንሱሊን 100 ሊመስል ይችላል። «ዩኒት» ሁልጊዜ በሙሉ ይጻፍ።

የስልክ ትዕዛዝ ለድንገተኛ ሁኔታ ብቻ ይሁን። እየሰሙ ይጻፉ፣ የጻፉትን መልሰው ያንብቡ፣ «አዎ» የሚለውን ይጠብቁ። ሐኪሞች ቁጥር በእንግሊዝኛ መጥራት ስለሚቀናቸው «ፊፍቲን» እና «ፊፍቲ» በስልክ ይምታታሉ፤ «አንድ፣ አምስት» ብለው በአሃዝ ያረጋግጡ።

የመጠን ስሌት ሁልጊዜ ያስፈራኛል። ቀላል መንገድ አለው?

ቀመሩ አንድ ነው፦ የታዘዘው መጠን ሲካፈል በእጅዎ ላለው መጠን፣ ሲባዛ በያዘው ፈሳሽ። ምሳሌ፦ 12 ኪሎ ለሚመዝን ሕፃን ፓራሲታሞል በኪሎ 15 ሚሊ ግራም ታዟል። 12 × 15 = 180 ሚሊ ግራም። ሽሮፑ በ5 ሚሊ ሊትር ውስጥ 120 ሚሊ ግራም ይይዛል። 180 ÷ 120 × 5 = 7.5 ሚሊ ሊትር።

ካልኩሌተሩን ከማመንዎ በፊት ግን በአእምሮ ይመዝኑት። 5 ሚሊ ሊትር 120 ይዟል፤ እኔ የምፈልገው የዚያን አንድ ተኩል እጥፍ ነው፤ ስለዚህ መልሱ ከ5 በላይ፣ ከ10 በታች መሆን አለበት። 75 ወይም 0.75 ከመጣ ነጥቡ ቦታውን ስቷል። ብዙዎቹ ከባድ የስሌት ስህተቶች የአሥር እጥፍ ስህተቶች ስለሆኑ ይህች ግምት ከቀመሩ የማትተናነስ ዋጋ አላት። ለአንድ ጊዜ መጠን ከሦስት በላይ ክኒን፣ አምፑል ወይም ቫያል የሚጠይቅ መልስ ሲያገኙም ቆም ይበሉ፤ ትክክል ሊሆን ይችላል፣ ግን ሳይጣራ አይሰጥም።

ክብደቱ የተለካ መሆን አለበት። «ወደ አሥር ኪሎ ይሆናል» በሚል የሚሰላ የሕፃን መጠን ከመነሻው የተሳሳተ ነው።

መለኪያዎቹንም በደንብ ይያዙ። 1 ግራም 1000 ሚሊ ግራም፣ 1 ሚሊ ግራም 1000 ማይክሮ ግራም ነው። በመቶኛ የተጻፈ መድኃኒት በ100 ሚሊ ሊትር ውስጥ ስንት ግራም እንዳለ ይናገራል፤ 1 በመቶ ማለት በአንድ ሚሊ ሊትር 10 ሚሊ ግራም ነው፤ 2 በመቶ ሊዶኬይን ስለዚህ በአንድ ሚሊ ሊትር 20 ሚሊ ግራም ይይዛል። አድሬናሊን 1፡1000 በአንድ ሚሊ ሊትር 1 ሚሊ ግራም፣ 1፡10,000 ደግሞ 0.1 ሚሊ ግራም አለው። ሁለቱን ማምታታት የአሥር እጥፍ ልዩነት ነው፤ ያውም ሰው በሚጣደፍበት ሰዓት።

የጠብታ ቁጥርስ እንዴት ይሰላል?

ጠቅላላውን ሚሊ ሊትር የፈሳሽ መስጫው መስመር በአንድ ሚሊ ሊትር በሚያወርደው ጠብታ ያባዙ፣ ከዚያ በደቂቃ ለተቆጠረው ጊዜ ያካፍሉ። 1000 ሚሊ ሊትር በ8 ሰዓት፣ መስመሩ በሚሊ ሊትር 20 ጠብታ ከሆነ፦ 1000 × 20 ÷ 480 = 41.7፣ ማለትም በደቂቃ 42 ጠብታ ገደማ። ስንት ጠብታ እንደሆነ ማሸጊያው ላይ ተጽፏል፤ ሁሉም 20 አይደለም። በሚሊ ሊትር 60 ጠብታ ለሚያወርደው የሕፃናት መስመር ስሌት አያስፈልግም፦ በሰዓት የሚገባው ሚሊ ሊትርና በደቂቃ የሚወርደው ጠብታ እኩል ናቸው።

ታካሚው እጁን ባጠፈ ወይም በተነሣ ቁጥር ፍጥነቱ ስለሚቀየር ተመልሰው ይቁጠሩ። ፈሳሹ ወደ ኋላ ከቀረ «ለማካካስ» መክፈት አይገባም፤ ልባቸው ወይም ኩላሊታቸው ለደከመ፣ ለሕፃናትና ለአረጋውያን ሳንባ ውኃ እንዲቋጥር ያደርጋል።

«ከፍተኛ ጥንቃቄ የሚሹ» የሚባሉት የትኞቹ ናቸው? ከሌላው ምን ይለያቸዋል?

ከሌሎቹ ይልቅ ስህተት የሚበዛባቸው ስለሆኑ አይደለም። ስህተት ሲፈጠር ጉዳቱ ከባድ ስለሚሆን ነው። ዋርድ ውስጥ በብዛት የሚያጋጥሙት እነዚህ ናቸው።

ፖታሲየም ክሎራይድ፦ የአምፑሉ ፖታሲየም ሳይበረዝ በደም ሥር በፍጹም አይገፋም፤ ልብ ያቆማል። በአንድ ሊትር ፈሳሽ ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ ከ40 ሚሊ ኢኩቫለንት አይበልጥም፤ የልብ ሞኒተር በሌለበትም በሰዓት ከ10 ሚሊ ኢኩቫለንት በላይ አይሰጥም። ተሰቅሎ በመውረድ ላይ ባለ ከረጢት ውስጥ አይጨምሩት፤ ታች ይከማችና ተጠራቅሞ ይገባል። አውርደው፣ ጨምረው፣ ደጋግመው ገልብጠው ያዋሕዱ። ታካሚው ሽንት መሽናቱንም አስቀድመው ያረጋግጡ። አምፑሎቹ ከመርፌ ውኃና ከኖርማል ሳላይን ጎን መቀመጣቸው በራሱ አደጋ ነው፤ ሲያዩ ያንሱ።

ኢንሱሊን፦ በኢንሱሊን ሲሪንጅ ብቻ ይቀዳል። ከመውጋትዎ በፊት የደም ስኳሩን ይለኩ፣ ምግቡ መድረሱንም ይዩ፤ ምግብ ካልመጣ ፈጣኑ ኢንሱሊን ይቆይ። ደፍረስ ያለው ኤንፒኤች (ቀስ ብሎ የሚሠራው ኢንሱሊን) በደም ሥር አይሰጥም። ሬጉላርና ኤንፒኤች በአንድ ሲሪንጅ የሚቀዱ ከሆነ ጥርት ያለው (ሬጉላሩ) ይቀድማል።

ሞርፊንና መሰሎቹ፦ አስቀድመው ትንፋሽ ይቁጠሩ፣ የንቃት ሁኔታውንም ይመልከቱ። ትንፋሹ ከመዳከሙ በፊት ታካሚው ይደነዝዛል፤ ሲያናግሩት ዓይኑ የሚከደን ሰው «ሕመሙ አስታገሰለት፣ ተኛ» ተብሎ አይታለፍም። ማርከሻው ናሎክሶን ቅርብ ይሁን።

ማግኒዥየም ሰልፌት፦ ከእያንዳንዱ ተከታይ መጠን በፊት ሦስት ነገር ይታያል፦ ትንፋሽ በደቂቃ ቢያንስ 16፣ የጉልበት ሪፍሌክስ መኖሩ፣ ሽንት ባለፉት 4 ሰዓታት በሰዓት ቢያንስ 30 ሚሊ ሊትር። አንዱ ከጎደለ አይሰጥም፤ ሐኪም ይጠራል። ማርከሻው ካልሲየም ግሉኮኔት ነው፤ 10 በመቶ የሆነው 10 ሚሊ ሊትር በደም ሥር በዝግታ ይሰጣል። ተቀድቶም ባይሆን ከሲሪንጁ ጋር አልጋው አጠገብ ይቀመጥ።

ሄፓሪን (ደም እንዳይረጋ የሚከላከል)፦ በአንድ ሚሊ ሊትር 1000 ዩኒት ያለውም 5000 ዩኒት ያለውም ቫያል አለ፤ ብልቃጦቹ ይመሳሰላሉ። ማርከሻው ፕሮታሚን ነው። ዲጎክሲን (የልብ መድኃኒት)፦ የልብ ምቱን በስቴቶስኮፕ ደረት ላይ ሙሉ አንድ ደቂቃ ይቁጠሩ፤ በአዋቂ ከ60 በታች ከሆነ ሳይሰጡ ሐኪሙን ይጠይቁ። ማቅለሽለሽና ነገር ሁሉ ቢጫ ሆኖ መታየት የመመረዝ ምልክት ሊሆን ይችላል። ቪንክሪስቲን (የካንሰር መድኃኒት)፦ በደም ሥር ብቻ። በጀርባ አጥንት መሐል ከገባ ይገድላል።

ለእነዚህ ሁለተኛ ነርስ ታረጋግጥ ይባላል። ግን «1.2 ሚሊ ነው አይደል?» ብሎ ማስነቀነቅ ማረጋገጥ አይደለም። ሁለተኛዋ ነርስ ትዕዛዙን ራሷ አንብባ፣ የእርስዎን መልስ ሳትሰማ ለብቻዋ አስልታ፣ ከዚያ ውጤቶቹ ይነጻጸሩ።

በደም ሥር ስሰጥ ፍጥነቱ ያን ያህል ለውጥ ያመጣል?

በጣም። በአፍ የገባ ክኒን ቢያንስ ለመቆም ጊዜ ይሰጣል፤ በደም ሥር የገባው አይመለስም። ቫንኮማይሲን 1 ግራም ቢያንስ በ60 ደቂቃ ይሰጣል፤ ከፈጠነ ፊትና አንገት ይቀላል፣ ያሳክካል፣ የደም ግፊት ይወርዳል። ፌኒቶይን ለአዋቂ በደቂቃ ከ50 ሚሊ ግራም መብለጥ የለበትም፤ ግሉኮስ ውስጥ ስለሚረጋ ከኖርማል ሳላይን ጋር ብቻ ይሄዳል። ሴፍትሪአክሶን ካልሲየም ካለው ፈሳሽ ጋር፣ ሪንገር ላክቴትን ጨምሮ፣ አይቀላቀልም፤ በጨቅላ ሕፃናት ላይ ሞት አስከትሏል። ለጡንቻ በሊዶኬይን የተበጠበጠ ሴፍትሪአክሶን በደም ሥር አይሰጥም። ቤንዛቲን ፔኒሲሊን ደግሞ ጡንቻ ውስጥ ብቻ ነው፤ ደም ሥር ከገባ ልብና ትንፋሽ ሊያቆም ይችላል።

ሁለት መድኃኒት በአንድ ካኑላ ተከታትሎ ሲሰጥ በመሐል በኖርማል ሳላይን ይታጠብ። ታካሚው «አቃጠለኝ» ካለ ወይም ቦታው ካበጠ ወዲያው ያቁሙ፤ «ትንሽ ነው የቀረው፣ ታገሥ» አይባልም።

የመርፌ ማዕዘኖችስ?

ጡንቻ 90 ዲግሪ፣ ከቆዳ በታች 45 ወይም 90 (እንደ መርፌው ርዝመትና እንደ ታካሚው ውፍረት)፣ ቆዳ ውስጥ ከ5 እስከ 15 ዲግሪ። ለጨቅላዎች የጭን የፊትና የጎን ጡንቻ ይመረጣል። መቀመጫ ላይ የሚወጋ ሰው የሳያቲክ ነርቭን መንገድ ማወቅ አለበት፤ የዳሌው ጎን ከዚያ የተሻለ ቦታ ነው።

ታካሚው መዋጥ ካልቻለ ክኒኑን ፈጭቼ ልስጠው?

መጀመሪያ ፋርማሲስቱን ይጠይቁ። ቀስ ብሎ እንዲለቅ የተሠራ ክኒን ሲፈጭ የሙሉ ቀኑ መጠን በአንድ ጊዜ ይለቀቃል። አንጀት ውስጥ እንዲሟሟ የተለበጠው ደግሞ ወይ ጨጓራን ይጎዳል ወይ በአሲዱ ይከሽፋል። ብዙ ጊዜ ሽሮፕ ወይም ሌላ አማራጭ አለ። በአፍንጫ ቱቦ የሚሰጥ ከሆነ ቱቦው ጨጓራ ውስጥ መሆኑን ያረጋግጡ፣ መድኃኒቶቹን አንድ በአንድ ይስጡ፣ ከፊትም ከኋላም በውኃ ያጥቡ። ከምላስ ሥር የሚደረግ ክኒን አይዋጥም።

«ግማሽ ዕድሜ» የሚባለው ነገር ለነርስ ምን ይሠራል?

ደም ውስጥ ያለው መድኃኒት በግማሽ ለመቀነስ የሚወስድበት ጊዜ ነው። 100 የነበረው 50፣ ከዚያ 25፣ ከዚያ 12.5 እያለ ይወርዳል። መድኃኒቱ በተመደበለት ሰዓት እየተደጋገመ የሚሰጥ ከሆነም ደም ውስጥ ያለው መጠን የሚረጋው ከ4 እስከ 5 ግማሽ ዕድሜ ካለፈ በኋላ ነው። በተግባር ሲታይ ብዙ ነገር ይገልጣል። አንዳንድ መድኃኒት ለምን በትልቅ መጠን እንደሚጀመር (እስኪረጋ መጠበቅ ስለማይቻል)፣ ሌላው ለምን በየ6 ሰዓቱ እንደሚሰጥ፣ የጠዋቱን ዘግይቶ ሰጥቶ የቀኑን በሰዓቱ መስጠት ለምን መጠን እንደሚያደራርብ።

መድኃኒት ይገባል፣ ይሰራጫል፣ በአብዛኛው ጉበት ይለውጠዋል፣ በአብዛኛው ኩላሊት ያስወጣዋል። ኩላሊቱ ከደከመ ግማሽ ዕድሜው ይረዝማል፤ ትናንት ልክ የነበረው የጄንታማይሲን መጠን ዛሬ ጆሮና ኩላሊት ይጎዳል። ስለዚህ የሽንት መጠን መቀነስ የፈሳሽ መዝገብ ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ የመድኃኒት ካርዱንም እንደገና ያስነብባል። በአፍ የተዋጠ ደግሞ ወደ ደም ከመድረሱ በፊት ጉበት ስለሚያልፍ ከፊሉ እዚያው ይቀራል። የሞርፊን የአፍና የደም ሥር መጠን የማይመሳሰለው ለዚህ ነው። የመስጫ መንገድ ሲቀየር አዲስ ትዕዛዝ ያስፈልጋል።

የጎንዮሽ ጉዳትና አለርጂ እንዴት ይለያሉ?

«አለርጂ አለብዎት?» የሚለው ጥያቄ ብቻውን አይበቃም። «መድኃኒት ወስደው ያልተስማማዎት አለ? ምን ሆኑ?» ይበሉ። ሆድ አመመኝ ያለ ሰውና ፊቴ አብጦ መተንፈስ አቃተኝ ያለ ሰው ካርድ ላይ አንድ ዓይነት ቃል ሊጻፍላቸው አይገባም። የመጀመሪያው ሳያስፈልግ ጥሩ መድኃኒት ይነፈጋል።

መድኃኒት በተሰጠ በደቂቃዎች ውስጥ ሽፍታ፣ የከንፈር ወይም የምላስ እብጠት፣ የትንፋሽ ፉጨት፣ የግፊት መውረድ ከታየ መድኃኒቱን ያቁሙ፣ እርዳታ ይጥሩ፣ አድሬናሊን በጭን ጎን ጡንቻ ይወጋ። ለአዋቂ 0.5 ሚሊ ግራም፣ ማለትም ከ1፡1000 ግማሽ ሚሊ ሊትር ነው፤ ካልተሻለው ከ5 ደቂቃ በኋላ ይደገማል። ሃይድሮኮርቲሶንና የአለርጂ መርፌ ቀድመው አይመጡም።

ታካሚው አልወስድም ቢልስ? ቢያስመልሰውስ?

መብቱ ነው፤ ምክንያቱን ግን ይጠይቁ። አንዳንዴ «ይሄ የኔ አይደለም፣ የኔ ክብ ነበር» የሚል ታካሚ ትክክል ነው፤ ሳይመለከቱ አይከራከሩት። እምቢታውን ይመዝግቡ፣ ለሐኪሙ ያሳውቁ። ካስመለሰ ደግሞ በራስዎ አይድገሙ፤ ከወሰደ ስንት ደቂቃ እንደሆነው፣ ክኒኑ መታየት አለመታየቱን ጽፈው ይጠይቁ።

ሌላ ነርስ የቀዳችውን ልስጥላት?

አይ። ስም ያልተጻፈበት ሲሪንጅም ይጣላል፤ ውኃ ይመስላል ማለት ውኃ ነው ማለት አይደለም።

ከመስጠቴ በፊት መመዝገብ ሥራ አያቀልልኝም?

ያቀልላል፤ ግን ያልተሰጠ መድኃኒት ተሰጠ ይሆናል። በተቃራኒው ሰጥቶ መመዝገብን ማቆየት ተከታዩ ተረኛ ሁለተኛ መጠን እንዲሰጥ ያደርጋል። እንደሰጡ ወዲያው፣ አልጋው አጠገብ ይመዝግቡ።

ተሳስቼ ብሰጥ መጀመሪያ ምን ላድርግ?

ታካሚውን ይዩ፦ ትንፋሽ፣ ምት፣ ግፊት፣ ንቃት፣ እንደ መድኃኒቱም የደም ስኳር። እየገባ ያለ ከሆነ ያቁሙ። ከዚያ ሐኪሙንና የክፍሉን ኃላፊ ወዲያውኑ ያሳውቁ፤ ማርከሻ ካለው የሚሠራው ቶሎ ሲሰጥ ነው። ለታካሚው ወይም ለቤተሰቡ ማን እንደሚነግር ከኃላፊው ጋር ይወስኑ፤ አለመንገር አማራጭ አይደለም።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2017 «መድኃኒት ያለ ጉዳት» በሚል ስያሜ የጀመረው ዘመቻ ከባድና ሊወገድ የሚችል የመድኃኒት ጉዳትን በ5 ዓመት ውስጥ በግማሽ መቀነስን ግብ ያደረገ ነበር። ያን የመሰለ ግብ ነርስ በመቅጣት አይደረስበትም፤ የተቀጣ ነርስ የሚማረው መደበቅ ነው፣ የሚመሳሰሉት ብልቃጦችም መደርደሪያው ላይ ጎን ለጎን እንዳሉ ይቆያሉ። ለዚህ ነው ታካሚው ጋ ሳይደርስ የተያዘ ስህተት ጭምር ሪፖርት ይደረግ የሚባለው።

ሲጽፉ የሆነውን ብቻ ይጻፉ፦ ምን ታዘዘ፣ ምን ተሰጠ፣ ስንት ሰዓት፣ ታካሚው ምን አሳየ፣ ለማን ተነገረ፣ ምን ተደረገ። «በሥራ ብዛት» ወይም «እገሌ ስለተሳሳተች» የሚለው ካርዱ ላይ አይገባም። የሥራ ጫናው፣ የመብራቱ ማነስ፣ የብልቃጦቹ መመሳሰል የሚጻፉት በሪፖርት ቅጹ ላይ ነው፤ ቅጹም ከታካሚው ካርድ ጋር አይያያዝም።